ስሌቱና ባለጉዳዩ

በጎ ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ በጎ ማድረግ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሥነ ምግባር መምህራን ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩት ኖረዋል። ነገር ግን ከሁለቱ ጀርባ ቆሞ ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ የተደረገው ነገር በጎ መሆኑን የሚመዝነው ማነው? የሚል ነው። አድራጊው ነውን? የተደረገለት ነውን? ወይስ ከሁለቱም ወገን ውጭ ሆኖ መዝገብ የያዘ ሌላ አካል?

ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ጊዜ ማሳለፊያ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል እስከ አምቦ ይዝለቅ፤ ከዚያም ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ ይድረስ። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ «በጎ እናድርግልህ» የሚሉ ብዙ ዓይነት ሰዎችን አስተናግዷል። ባለርስቱ በአባትነት ስም፣ ባለሙያው በልማት ስም፣ ተማሪው በአብዮት ስም፣ ካድሬው በዕቅድ ስም፣ መሐንዲሱም በከተማ ፕላን ስም መጥተውበታል። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም የሚመጣው ተራውን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በቅንነት የመጡትን ነው፤ የክፉ አሳቢው ጉዳይ ለፍልስፍና ያን ያህል አያስቸግርምና።

በዘመናችን ስለ በጎ አድራጎት ከቀረቡት ክርክሮች መካከል ጠንካራው አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር የምሥራቅ ቤንጋል ስደተኞች በረሀብና በበሽታ በሚያልቁበት ወቅት ጽፎ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው ማለት ይቻላል። ምሳሌው እጅግ ቀላል ነው። ወደ እኛው አገር እናምጣውና፣ አንድ ሕፃን አምቦ ከተማን አቋርጦ በሚያልፈው በሁሉቃ ወንዝ ውስጥ ወድቋል እንበል። በዳር የሚያልፍ ሰው አዲሱ ጫማ እንዳይበላሽበት ብሎ ሕፃኑን ትቶ ቢሄድ የአምቦ ሰው ምን እንደሚለው የታወቀ ነው። እንግዲህ ይላል ሲንገር፣ ሕፃኑ ከዐይን ርቆ በሌላ አገር ቢገኝና በዚያው በጫማው ዋጋ ሊድን የሚችል ቢሆን ግዴታው በምን ይለወጣል? ርቀት የመንገድ ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ አይደለም። (ጽሑፉ በታተመ በዓመቱ ወሎ በረሀብ ስትመታ፣ የአገሩ ቤተ መንግሥት ከደሴ የነበረው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደነበረ እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።)

የሲንገር ተከታዮች በተለይ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በእንግሊዝ በኦክስፎርድ፣ በአሜሪካም በተለያዩ ከተሞች ተሰባስበው ይህን ሐሳብ ወደ አንድ እንቅስቃሴ አሳድገውታል። ስሙንም «ኢፌክቲቭ አልትሩይዝም» አሉት፤ ውጤቱን የሚመዝን በጎ አድራጎት እንደ ማለት ነው። መመሪያቸው፣ ስጦታህ ልብህን ስላሞቀው ብቻ በጎ አይሆንም፤ በአንድ ብር ስንት ሕይወት እንደሚድን አስላ፤ ብዙ በሚያድነው ላይ አውል የሚል ነው። በዚህም መሠረት የወባ አጎበር፣ የሆድ ትል መድኃኒትና የመሳሰሉት በእነሱ መዝገብ ከፍተኛ ደረጃ ይዘዋል።

ለዚህ አስተሳሰብ ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። በየገጠሩ የዛገ የእጅ ፓምፕ አጠገብ ታፔላው ብቻ ቆሞ፣ የለጋሹን ስም በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ያየ ሰው፣ ውጤት ይቆጠር የሚለውን ጥሪ በንቀት ሊያልፈው አይችልም። ቆጠራ ከንቱ ውዳሴን ያጋልጣል። ለበዓል ቀን ፎቶግራፍ ተብሎ የሚከፋፈለውን ብርድ ልብስና ሕፃናትን ከሞት የሚያድነውን ክትባት በአንድ ሚዛን እንዳናይ ያደርገናል። ስሌትን መጥላት ብዙውን ጊዜ ተጠያቂነትን መጥላት ነው።

ይሁንና መዝገቡ ምን ይቆጥራል? ምንስ ይዘላል? ከዚህ ላይ ወደ ባኮ እንውረድ። ባኮ ከአምቦ ዝቅ ያለ ቆላማ አገር ስለሆነ ወባ ያውቀዋል። አጎበር እዚያ ሕይወት ያድናል፤ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን አጎበሩ በራሱ እግር ሄዶ ከመደብ በላይ አይሰቀልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀምሮ፣ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመድበዋል። ቤት ለቤት ዞረው አጎበሩን የሚያሰቅሉት፣ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን የሚለዩት፣ እናቲቱን በቋንቋዋ የሚያናግሩት እነዚህ ናቸው። የአንድ አጎበር ዋጋ በቀላሉ ይሰላል። በየቀበሌው ሁለት የጤና ሠራተኞች እንዲኖሩ የወሰነው ውሳኔ ግን በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? እርሱ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። የአንድ አገር መንግሥት ያለውን ጥቂት ሀብት ከከተማ ሆስፒታል ይልቅ ለገጠር ጤና ኬላ ያውል ዘንድ መወሰን የበጎ አድራጊ ጉዳይ ሳይሆን የሥልጣን ጉዳይ ነው። የበጎ አድራጎቱ ስሌት በዚህ ባልሠራው መሠረት ላይ ቆሞ ነው ፍሬውን የሚቆጥረው።

የግራው ፖለቲካ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። በአገራችን ለዚህ ክርክር ከጭላሎ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ በአርሲ የተቋቋመው፣ «ካዱ» በመባል የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዓላማው ጭሰኛውንና አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ባለሙያዎቹ ብቁዎች ነበሩ፤ አሳባቸውም ቅን። ምርጥ የስንዴ ዘር አመጡ፤ ማዳበሪያ በብድር ሰጡ፤ መንገድ ጠረጉ፤ ገበያ አደራጁ። ምርቱም በእውነት አደገ። በየዓመቱ ይለኩት በነበረው ሚዛን ቢፈረድ ሥራው የተዋጣለት ነበር።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። መሬቱ ብዙ ትርፍ እንደሚሰጥ በገሃድ በተረጋገጠ ጊዜ ባለርስቱ ነቃ። ቀድሞ እኩል ወይም ሢሶ እየተቀበለ በጭሰኛ ያሳርስ የነበረው፣ አሁን ትራክተር ገዝቶ ራሱ ማረስ እንደሚያዋጣው ተረዳ። ጭሰኛው ምርጥ ዘሩን በዘራበት፣ ላቡን ባፈሰሰበት ማሳ ላይ ተነሥ ተባለ። ሊረዳ የታሰበው ሰው በዕርዳታው ምክንያት ተፈናቀለ። የድርጅቱ ሰዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ጠየቁ፤ ስዊድንም ጎተጎተች። የሕጉ ረቂቅ ግን ባለርስቶች በተሰበሰቡበት ፓርላማ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የዘሩ ስሌት ስሕተት አልነበረበትም። የማዳበሪያውም ስሌት ስሕተት አልነበረበትም። መሬቱ የማነው? የሚለው ጥያቄ ነበር ከስሌቱ ውጭ የቀረው።

ይህን ጥያቄ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ አደባባይ ይዘውት ወጥተው ነበር። የጅባትና ሜጫ አውራጃ ጭሰኛም ጥያቄውን ለማወቅ ተማሪ እስኪነግረው አልጠበቀም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ለዘመናት የቆየው የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት በሕግ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ መከራ ይህን እውነት ሊሸፍነው አይገባም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግራው ትክክል ነበር። ከምርጥ ዘር በፊት የመሬቱን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጠየቀም።

ግን ደግሞ እዚህ ላይ ማቆም ለግራው ማድላት ይሆናል። መሬቱን ለአራሹ የሰጠ እጅ፣ አራሹ ምን እንደሚያስፈልገው እኔ አውቃለሁ ወደማለት ለመሻገር ብዙ አልዘገየም። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ የገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ ረድተዋል፤ አንዳንዶቹም ለገበሬው ቆመው ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ሆኖም ያነበቡትን መጽሐፍ በገበሬው ቤት ልክ ለማልበስ ሲታገሉ የታዩም ነበሩ። ቆየት ብሎ በ1977 ዓ.ም. የሰፈራው፣ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ መጣ። ስለ መንደር ምሥረታ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ነቀፌታ ለማግኘት ይቸገራል፤ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማዳረስ ውድ ነው፤ ሲሰባሰብ ርካሽ ይሆናል። ይህ ንጹሕ ስሌት ነው። የኦክስፎርድ ሰዎች እንኳ ቢያዩት በመርህ ደረጃ የሚጠሉት አይመስለኝም። በሸዋም በሌላውም ክፍለ ሀገር በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመስመር ላይ ሠራ። ከማሳው ራቀ፤ ከብቱ ከግጦሹ ራቀ፤ የጓሮው እንሰትና ጌሾ ጠባቂ አጣ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ግዳጁ ሲላላ፣ ብዙው ገበሬ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። አስተያየቱን የሚጠይቀው አላገኘም ነበርና በእግሩ ሰጠ።

ሦስተኛው ታሪክ ቅርብ ነው፤ ቁስሉም ገና አልጠገገም፤ ስለሆነም በአጭሩ አልፈዋለሁ። የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በባለሙያዎች የተጠና ሰነድ ነበር። ገበሬው የሰማው ከተጠና በኋላ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጭልሞ ደንና ከአንድ የስፖርት ሜዳ ጋር በተያያዘ ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። ስለ ፕላኑ ቴክኒካዊ ብቃት መከራከር ይቻላል። የጠፋው ሕይወት ግን በየትኛውም የፕላን ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ወጪ አልተያዘም ነበር።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ቀኝና ግራን፣ ለጋሽንና መንግሥትን ለማመሳሰል አይደለም። ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን በሁሉም ውስጥ አንድ የጎደለ ዓምድ አለ፤ እርሱም የባለጉዳዩ እምቢታ የሚመዘገብበት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት የሚያፌዘው በአሽከር ላይ ቢመስልም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው ያልተጠራውን በጎ አድራጊ ነው።

ስሌት ሲባል ግን ሁሉም ከላይ የሚወርድ አይደለም። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ጃለኔና ጉደኔ ያሉት የድንች ዝርያዎች በጀልዱ ሲስፋፉ፣ ገበሬው ተቀባይ ብቻ አልነበረም፤ በማሳው ላይ ያያል፣ ያነጻጽራል፣ ዘሩንም ራሱ አባዝቶ ይሸጣል። እዚህም ቁጥር አለ፤ የሄክታር ምርት፣ የበሽታ መጠን፣ የዘር ዋጋ። የተለየው ነገር ቁጥሩን ገበሬው አንብቦ ይህን እምቢ፣ ያን እሺ ለማለት መቻሉ ነው። የ1971 ዓ.ም.ን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በዚህ ዐይን ማየት ይገባል። ከግዳጅና ከሪፖርት ማጋነን የጸዳ አልነበረም፤ ሆኖም ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች መሰጠቱ፣ ገበሬው መዝገቡን በራሱ ቋንቋ የሚያነብበትን መንገድ ከፈተ። መዝገብ ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ በመዝገብ በቀላሉ አይታለልም።

ዛሬ ግን ማንም ሰው፣ ጸሐፊው ራሱም ጭምር፣ ሊያነበው የማይችለው መዝገብ መጥቷል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ፣ በአጭሩ፣ ከቀደሙ እጅግ ብዙ መረጃዎች ውስጥ ድግግሞሽንና ዝምድናን ለይቶ ስለ አዲሱ ጉዳይ ግምት የሚሰጥ የስሌት ሥርዓት ነው። ድሮ ጸሐፊው ማመልከቻውን አንብቦ፣ ደንቡን ጠቅሶ ይወስናል፤ ቢሳሳት ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ማሳየት ይቻላል። አዲሱ መሣሪያ ግን በሚሊዮንና በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ አልፎ ስለሚወስን፣ «ለምን?» ሲባል እንደ ሰው ምክንያቱን ዘርዝሮ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ይህ መሣሪያ ሩቅ አይደለም። ቀለል ያለው ታላቅ ወንድሙ፣ ለገበሬው በስልክ ምክር የሚሰጠው 8028 የተባለው መስመር፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እርሱ የተቀዳ ድምፅ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል። አሁን ግን በቴሌብርም ሆነ እንደ ኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» ባሉ አገልግሎቶች፣ ያለ ንብረት ማስያዣ ብድር የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ከሞባይል ስልክና ከሒሳብ እንቅስቃሴ መረጃ ተነሥቶ የሚሠራ የስሌት ሥርዓት ነው። ማስያዣ የሌላት ነጋዴ ብድር ማግኘቷ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ይህን የሚክድ የድሮውን ባንክ ደጃፍ የረሳ ነው። «ፋይዳ» የተባለውም ዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ ሰውና መረጃው ይበልጥ እየተቆራኙ መጥተዋል።

ለመሆኑ ይህን መሣሪያ ማን ያስተዳድረው? እዚህ ላይ የውጤት መዛኞቹ በጎ አድራጊዎችና ግራዎቹ እንደገና ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ከበጎ አድራጊዎቹ መካከል ብዙዎች ከአጎበር ወደ ኮምፒዩተር ተሻግረዋል። ክርክራቸው፣ ገና ያልተወለዱት ትውልዶች ቁጥራቸው ዛሬ ካለነው እጅግ ስለሚበልጥ፣ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ከሚችል መሣሪያ መጠበቅ ከማንኛውም ምጽዋት የላቀ በጎ ሥራ ነው የሚል ነው። ስጋቱ የጥቂት ሰዎች ቅዠት ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. መሣሪያውን የሚሠሩት ዋና ዋና ኩባንያዎች መሪዎች ራሳቸው፣ ይህ አደጋ ከወረርሽኝና ከኑክሌር ጦርነት ጋር አብሮ እንዲታይ በፊርማቸው አሳስበዋል። አደጋ አለው ብሎ የሚፈርመውና መሣሪያውን እየገነባ የሚሸጠው አንድ ሰው መሆኑ ግን ለብቻው የሚያስገርም ነው።

በዚህ ላይ ከተነሡት ተቃዋሚዎች መካከል ከግንባር ቀደሞቹ ሁለቱ ከኢትዮጵያ የወጡ ሴቶች ናቸው። አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጡት ጥናት፣ ጾታን ከፊት ለይተው የሚናገሩ የታወቁ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በነጭ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ ያነሰ ስሕተት ሲሠሩ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ስሕተታቸው እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይተዋል። በ2013 ዓ.ም. ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ በተጻፈ ጥናት ምክንያት በተነሣ አለመግባባት ከጉግል ከተለዩ በኋላ፣ በዓመቱ የራሳቸውን የምርምር ተቋም መሥርተዋል። ውጤት መዛኞቹንም በግልጽ ተችተዋል፤ ስለ ሩቅ ጥፋት የሚወራው ወሬ ዛሬ በሠራተኞችና በድሆች ላይ የሚደርሰውን በደል ይሸፍናል ነው የሚሉት። ዶክተር አበባ ብርሃኔ ደግሞ ይህን ቴክኖሎጂ በአፍሪካ ላይ እንደሚመጣ አዲስ ቅኝ አገዛዝ አድርገው ተንትነውታል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ለእነዚህ ትችቶች ያልታሰበ ማስረጃ ተጨመረ፤ ብዙ ላተርፍ፣ ብዙ ልስጥ የሚለውን የእንቅስቃሴውን መርህ ይከተል የነበረው ባለሀብት ሳም ባንክማን ፍሪድ የገነባው የዲጂታል ገንዘብ ገበያ ወድቆ፣ እርሱም በማጭበርበር 25 ዓመት ተፈረደበት።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው በመበላሸቱ አንድ ሐሳብ ሐሰት አይሆንም፤ ይህንማ የግራው ወገን ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባል። የሩቅ ዘመኑን ክርክር በራሱ ሚዛን እንየው። ላልተወለደ ሰው ግዴታ አለብን? አለብን። ዝግባ የሚተክል ሰው ጥላውን አያገኘውም፤ ግን ይተክላል። በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን በ1990ዎቹ በዙሪያው ለሚኖሩ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት በኀላፊነት የተሰጠው በዚሁ እሳቤ ነበር፤ ዛሬ የሚኖረው ሰው ድርሻ ካለው ለነገው ይጠብቃል። የውጤት መዛኞቹ ስሌት የሚሳሳተው ነገን በመቁጠሩ ሳይሆን፣ እጅግ ትንሽ የሆነውን ዕድል እጅግ ብዙ በሆነው የወደፊት ሕዝብ ሲያባዛው የዛሬው የጀልዱ ገበሬ ከድምሩ ውስጥ ቁጥር ሊሆን የማይችል ትቢያ ስለሚሆን ነው። ያልተወለደው ሕዝብ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም፤ ስለዚህም በስሙ የሚናገረው ሰው የሚከራከረው አያገኝም። ስለ መጪው ኅብረተሰብ ሲል የዛሬውን ሰው ቤት ያፈረሰ ካድሬም የተናገረው በዚህ ዓይነቱ ሕዝብ ስም ነበር።

ስለ ቅርቡ በደልም ቢሆን ማስረጃው ከእጃችን አልራቀም። የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን ያስገባው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ግን እስከ 2014 ዓ.ም. ጠበቀ። በማኅበራዊ መገናኛ በተሰራጨ ጥላቻ የተነሣ አባቱ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ በ2014 ዓ.ም. የተገደለበት ልጅ፣ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሷል፤ በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ለአርቲስቶቻችንም የሚመለከታቸው ነገር አለ። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛን እንደ ብረት አቅልጠው ሲቀርጹት ያየ ትውልድ፣ እነዚህ ሞዴሎች የሚማሩት ከጸሐፍት ሥራ መሆኑን፣ ጸሐፍቱም አብዛኛውን ጊዜ እንዳልተጠየቁ ሲሰማ ዝም ሊል አይገባም።

አገራችን ከዚህ አንጻር ባዶ እጇን አይደለችም። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። እነዚህ ተገቢ ናቸው። ጥያቄው ሕጉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ በኩል አምቦ ሲደርስ ምን ይዞ ይደርሳል ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ የኖርን ሁላችን የምናውቀው አንድ አነጋገር ነበር፤ «ከበላይ የወረደ መመሪያ ነው»። ይህ ሐረግ ተናጋሪውን ከኀላፊነት፣ ባለጉዳዩን ከክርክር ያሳርፍ ነበር። ዛሬ በየመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተሙ ነው» የሚለው ነው። «ሲስተሙ አልተቀበለም»፣ «ሲስተሙ አያሳይም»። ሁለቱ ሐረጎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ግን ቢያንስ ከበላይ ሰው አለ የሚል እምነት ነበረው፤ ደረጃ በደረጃ አቤት እየተባለ ሲወጣ አንድ ቀን የሚፈርም ሰው ጋ ይደረሳል። ሁለተኛው ላይኛው ፎቅ የለውም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት አስተዳደር የሚባለው ትልቅ ጉዳይ በእኔ ግምት ግማሹ እዚህ መስኮት ላይ ነው የሚያልቀው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ላልፍ አልችልም። ባለጉዳዩን እንጠይቅ፣ ማኅበረሰቡ ይወስን ሲባል፣ ማኅበረሰቡስ ሁልጊዜ ትክክል ነው? ኦሮሞ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ውብ የመረዳጃ ሥርዓት አለው፤ ከብቱ ያለቀበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከወገኑ ይለመንለታል እንጂ ለማኝ አይሆንም። የተቸገረውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። ነገር ግን ያው ጎረቤት ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በእኩል ዐይን ሳያይ ስንት ዘመን ኖሯል? ሴቲቱ በስሟ መሬት እንዳይኖራት ስንቴ ፈርዷል? ዘርና ሙያ የማያውቅ ስሌት እንዲህ ካለው ዳኛ ይሻል የለምን?

አንዳንዴ ይሻላል። ይህን በግልጽ መቀበል ያስፈልጋል። ሸክላ ሠሪዋ ከጎረቤቷ ሚዛን ይልቅ የባንኩ ስሌት ሊያዋጣት ይችላል፤ ከመደብ ጠላትነት ወይም ከዝምድና የጸዳ ቁጥር ለተናቀ ሰው መጠጊያ የሆነበት ጊዜ አለ። ነገር ግን መሣሪያው የሚማረው ከቀደመው መዝገብ ነው፤ በቀደመው መዝገብ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ብድር ወስዳ አታውቅም፣ መሬትም በስሟ የለም። ጎረቤቷ በአፉ ይናገር የነበረውን ንቀት መሣሪያው ሳይናገር ሊወርሰው ይችላል። ልዩነቱ፣ ጎረቤቷን በሽማግሌ ፊት አቁማ «ምን አድርጌህ ነው?» ልትለው መቻሏ ነው። ስለዚህ ምርጫው በሰውና በስሌት መካከል አይደለም። ሰውም ሆነ ስሌት በሚጠየቅበትና በማይጠየቅበት ሥርዓት መካከል ነው። የተራበ ሰው ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም የሚባለውም እውነት ነው፤ ለተራበ ይሰጣል፤ ስብሰባው ግን ከሰጡ በኋላም አይቀርም።

እንበልና፣ በጉደር ገበያ ሽንኩርት የምትነግድ ሴት ለመጪው በጋ ብድር በስልኳ ጠይቃ ተከልክላለች። ስልኩ የነገራት አንድ ቃል ብቻ ነው። ይህች ሴት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅባትም፤ የኬሚስትሪን ሕግ ሳታውቅ በማዳበሪያ ሚዛን ማጭበርበርን ለይታ ታውቃለች። ልትጠይቅ የምትችለው በየትኛው መረጃዬ ተመዘንኩ፣ መረጃው ስሕተት ከሆነ ማን ያርመዋል፣ በሚገባኝ ቋንቋስ ማን ይነግረኛል የሚለውን ነው። መልሱን ይዞ የሚወጣው ሰው ስም፣ ማዕረግና ወንበር ያለው መሆን አለበት። መልሱም በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ እንደ ምርጫዋ፣ በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። በከተማዋ ያለ መምህር ልጆችን መቶኛ ሲያስተምር እንዲህ ዓይነቱን የክልከላ ወረቀት ለልምምድ ሊያቀርብላቸው ይችላል፤ ቁጥሩ ከየት መጣ ብለው እንዲጠይቁ። የቀበሌው ሰብሳቢም ቢሆን በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ፣ በመሣሪያ የተወሰኑ ጉዳዮች የሚል አንድ ርእስ ለመጨመር ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።